የአረንጓዴዋ መኪና መብራት

ጋረት ሎምስ ውሸታም ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ኋላ ያደረገውን የሰማ ሁሉ መጠራጠሩ አይቀርምና። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠራ፣ የተዋሰውን ጃንጥላ ዝናቡ ሳያባራ የሚመልስ፣ ሰው እግሩን ሲረግጠው ራሱ «ይቅርታ» የሚል ዓይነት ሰው ነበር። በሼፊልድ ከተማ፣ ዊንስላ በሚባለው ዳገታማ ጎዳና ላይ፣ ከአክስቱ የወረሰው ጠባብ ቤትና አንዲት አሮጌ አረንጓዴ መኪና ነበሩት።

የመጀመሪያው ቀን የምር ስሕተት ነበር። ማታ ከመቀመጫው ሥር የተንከባለለበትን ሽንኩርት ሲፈልግ የመኪናዋን የውስጥ መብራት አብርቶ ረሳው። ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ አንዴ አቃሰተችና ጸጥ አለች። መንገዱ ነጭ አመዳይ ለብሷል። ጋረት ኮፈኑን ከፍቶ ቆመ። ስለ መኪና የሚያውቀው ኮፈን ከፍቶ መቆም ብቻ ነበር።

«እየጸለይክላት ነው?» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

ዘወር ቢል የጎረቤቱ ልጅ ብራዮኒ ሃስላም ናት። ፒጃማዋ ላይ የአባቷን ካፖርት ደርባ፣ የዝናብ ቦት ጫማ አጥልቃ፣ ቀይና ጥቁር ኬብል አንገቷ ላይ ጠምጥማ ቆማለች። እስከዚያን ቀን ድረስ ትውውቃቸው በአጥር ላይ ከሚወረወር ሰላምታ አያልፍም ነበር።

«ባትሪዋ ሳይደክም አልቀረም መሰለኝ» አለ ጋረት።

«ሳይደክም አልቀረም? ሞቶ፣ ተገንዞ፣ ተቀብሯል እንጂ! ዞር በል እስቲ።»

የራሷን መኪና አምጥታ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠመቻቸውና ኬብሉን ትቀጥል ጀመር። «ቀዩን ከቀዩ። ጥቁሩን ግን እዚህ ብረት ላይ። ሳታውቅ ብትነካካው ጸጉርህ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እሺ?»

«ቆሟል እኮ።»

ቀና ብላ አየችው። ከአልጋው እንደወረደ ነው፣ ጸጉሩ በአራቱም ማዕዘን ሸፍቷል። ሳቀች። ሳቋ ከአፏ ጉም ሆኖ ወጥቶ በመካከላቸው ተንሳፈፈ። ጋረት ጉሙ እስኪበተን ድረስ በዓይኑ ተከተለው፤ ብርዱ ነው ያፈዘዘኝ ብሎ አለፈው። ሞኝ!

ከላይ መስኮት ተከፈተ። የብራዮኒ አባት ሚስተር ክሊፍ ሃስላም ነበሩ። የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ መንዳት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጡረታው ከመኪና አወጣቸው እንጂ ከማስተማር አላወጣቸውም።

«ቤንዚን አትርገጥ አንተ ልጅ! ለስለስ! እንቁላል ከእግርህ ሥር ያለ ይምሰልህ!»

«እሺ ሚስተር ሃስላም! ይቅርታ!»

«እኔን ሳይሆን መኪናዋን ይቅርታ ጠይቃት!»

መኪናዋ ተነሣች። ብራዮኒ ግን ገና አልለቀቀችውም። «አሁን እንዳታጠፋት። ባትሪው ትንሽ ነፍስ እስኪዘራ ትሥራ።» ይህን ብላ ቤት ገባችና በፔርሙስ ሻይ ይዛ ጋቢና ከጎኑ ተቀመጠች። የመስተዋቱ አመዳይ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ሲቀልጥ፣ መንገዱ እስኪታይ ድረስ ሻይ እየጠጡ ቆዩ። ስለ ምን እንዳወሩ ጋረት ኋላ ሊያስታውስ አልቻለም። እንደ ኩባያ የሚጠጡበትን የፔርሙሱን ክዳን ስትመልስለት ጣቷ ጣቱን መንካቱን ግን አልረሳም።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ማታ መኪናዋን አቆመና እጁን ወደ መብራቱ ሰደደ። አበራው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና እንደ ሌባ አንገቱን ቀብሮ ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላማ ልማድ ሆነ። ሁልጊዜ አይደለም፤ እንዳይነቃበት እያሰለሰ ነው። ብርዱ የበረታ ማታ ይመርጣል፤ የባትሪ ነገር በብርድ ስለሚመካኝ። ጠዋት ያንኳኳል። «ይቅርታ ብራዮኒ፣ ዛሬም እምቢ አለችኝ።» እሷም ኬብሏን አንገቷ ላይ አጥልቃ ትወጣለች።

«ይቺ መኪና ካንተ ይልቅ እኔን ትወዳለች» ትለዋለች።

«ማን ይፈርድባታል?» ይላታል፤ ከዚያ ባለው ይደነግጥና ጆሮው ድረስ ይቀላል።

የዊንስላ ጎዳና ሰው ደግሞ የሌላ ሰው መኪና ሲታመም ዝም የሚል ሕዝብ አይደለም። ውሻ የሚያናፍሰውም፣ ጋዜጣ ሊገዛ የወጣውም፣ ሁሉ ቆሞ ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ያስገባል። አንዱ «ባትሪውን ማታ ማታ ፈትተህ ቤት አስገባው፣ ወንድሜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ይላል። ሌላዋ «ረጅም መንገድ ንዳት፣ ቅርብ ቅርብ እየነዳሃት ነው የገደልካት» ትላለች። ጋረት ሁሉንም «እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም አመሰግናለሁ» እያለ ይቀበላል። የእያንዳንዱ ምክር ቅንነት ግን እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። መድኃኒቱን እሱ ያውቀዋል፤ አንዲት የመብራት ቁልፍ ወደ ግራ መግፋት ነው።

ብራዮኒ «ጋራዥ እንውሰዳት፣ አብሬህ እሄዳለሁ» ስትለው ሥራ አለብኝ አለ። በሌላ ቀን «ባትሪው አርጅቷል፤ በቃ ይቀየር» ስትለው «ትንሽ እንያት» አለ። አንድ ጠዋት ደግሞ ሻዩን እየጠጡ ሳለ ሰዓቷን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። የምትሠራው ከከተማው ውጭ ያለ የችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው።

«ምነው?» አላት።

«ምንም። አለቃዬ ትናንት ማርፈድ አበዛሽ ብላኝ ነበር።»

ጋረት ክው አለ። «በእኔ ምክንያት?»

«በመኪናህ ምክንያት። አንተ ምን አደረግህ?»

ይህች «አንተ ምን አደረግህ» ቀኑን ሙሉ ስትከተለው ዋለች። መጽሐፍ ሲደረድር አብራው ነበረች፤ ምሳ ሲበላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከእንግዲህ አልነካውም ብሎ ማለ። ለጥቂት ቀናትም መኪናዋ በየጠዋቱ በመጀመሪያው ዙር ቀጥ ብላ ተነሣች፣ ጋረትም ብቻውን በቀዝቃዛ ጋቢና ወደ ሥራው ሄደ። በእውነቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በእግር የሚደረስ ነው። በሩን አንኳኩቶ «ብራዮኒ፣ እሑድ አብረን ወጣ እንበል» ማለት አቅቶት ነው ይህ ሁሉ ጣጣ። እምቢ ብትለውስ? በባዶ እጁ ሰው ደጅ መቆም ከሞት የከፋ ይመስለው ነበር።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ማታ ግን ናፈቀችው። አንዴ ብቻ፣ ነገ ሁሉንም እነግራታለሁ አለ። ሰው ሊሳሳት ሲፈልግ ሁልጊዜ «አንዴ ብቻ» ነው የሚለው። የብራዮኒ መኪና በቦታዋ አለመቆሟን አየ። አየና ተወው፤ ቦታ አጥታ ታችኛው ጎዳና አቁማት ይሆናል ብሎ። መብራቱን አብርቶ ገባ።

በነጋታው ጠዋት፣ ገና ካልሲውን ሲያደርግ፣ በሩ ተደበደበ። የሚያንኳኳው ዘወትር እሱ ነበር፤ ያን ቀን እሷ ናት። ኬብል አልያዘችም። ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ጋረት፣ አባዬ! አፉ ተጣሟል፣ ቀኝ እጁን ማንሣት አቃተው። አምቡላንስ ደወልኩ፣ በበረዶው ብዙ ሰው ወድቋል፣ ቆዩ አሉኝ። መኪናዬ ጋራዥ ናት፣ ትናንት ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ሞላው ተሰበረ። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ እባክህ...»

ቁልፉን ያዘና ሮጠ። የሚያውቀውን ነገር እንዳላወቀ ሆኖ ቁልፉን አዞረው። ምንም። እንደገና አዞረው። ጣሪያው ላይ ያለችው አምፖል እንኳ እየሞተች ቢጫ ክር ብቻ ቀርቶባት ነበር። ብራዮኒ እንዳታያት በመዳፉ ሸፈናት። ከሁሉም በላይ ይህን ነው ራሱን ይቅር ያላለው፤ ሰውዬው እየሞቱ እሱ አምፖል መሸፈኑን።

«በግፊ እናስነሣት!» አለች ብራዮኒ። ሁለቱም ገፉ። መኪናዋ የቆመችው አፏን ወደ ዳገቱ አድርጋ ነው፤ አዙረው ወደ ቁልቁለቱ ሊለቋት ቢታገሉ እግራቸው በበረዶው ላይ ይከዳቸዋል። ብራዮኒ በጉልበቷ ወደቀች። ተነሣች። እንደገና ገፋች። ጋረት ከጎኗ እያለቀሰ ገፋ፤ እሷ ለአባቷ የሚያለቅስ መሰላት።

በመጨረሻ የዳቦ ቤት መኪና በታችኛው ማዕዘን ብቅ ሲል ብራዮኒ መሀል መንገድ ገብታ እጆቿን ዘረጋች። ሚስተር ሃስላም በትኩስ ዳቦ መደርደሪያዎች መካከል ተቀምጠው ሄዱ።

ሐኪሟ ማታ ወጥታ አነጋገረቻቸው። ስትሮክ ነው፤ በሕይወት ይኖራሉ። ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው ግን እንደ ድሮው አይመለስም ይሆናል። «ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ መድኃኒቱ የበለጠ ሊሠራ ይችል ነበር። ላይሠራም ይችል ነበር፤ በእርግጠኝነት ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።» ይቺ «ይችል ነበር» ጋረት ደረት ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ብራዮኒ በሆስፒታሉ ኮሪደር ትከሻው ላይ ጭንቅላቷን ጣል አደረገች። ስንት ቀን ሲመኘው የኖረው ነገር ነው። እንደ ድንጋይ ከበደው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«ኧረ ምን በወጣሽ!»

«የኔ ነው እንጂ። ለልደትህ ብዬ አዲስ ባትሪ ገዝቼልህ ነበር። አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ኬብሌን ይዤ መውጣቱን... ወድጄው ነበር፣ አይገባህም? ቀኑ እስኪደርስ ብዬ አቆየሁት። ያኔውኑ ብሰጥህ አባዬ በጊዜ ይደርስ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ ጋረት።»

አፉን ከፈተ። ይቅርታ መጠየቅ እስትንፋሱ የሆነ ሰው፣ በእውነት ይቅርታ የሚያስፈልገው ቀን አንዲት ቃል አጣ። እጇን ብቻ ያዘ።

ክረምቱ በዚህ አለፈ። አዲሱ ባትሪ ገባ፣ መኪናዋም እንደ ወጣት ሆነች። ጋረት ሚስተር ሃስላምን በየሳምንቱ ወደ ንግግርና እጅ ማሠልጠኛ ያመላልሳቸዋል። እሳቸው ጋቢና ይቀመጣሉ፤ የሞተችው ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ናት፤ እግራቸው ግን ማዕዘን በደረሱ ቁጥር የሌለውን ፍሬን ይረግጣል። ብራዮኒ ከኋላ ሆና በጋረት ትከሻ ላይ እጇን ታሳርፋለች። «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» ትለዋለች። የሰፈሩ ሰውም «ምን ዓይነት መልካም ጎረቤት ነው!» ይላል። ምስጋናው በበዛ ቁጥር ጋረት እየከሳ ሄደ።

ብራዮኒ አንድ ቀን፣ አባቷ ሥልጠና ላይ ሳሉ፣ መኪናው ውስጥ ሳመችው። ከንፈሯ የሻይ ጣዕም ነበረው። ጋረት እጆቿን ከአንገቱ ላይ ቀስ አድርጎ አወረደ።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ስሚኝ። ባትሪው ምንም አልነበረበትም።»

«እንዴት?»

«መብራቱን እኔ ነኝ የማበራው። ማታ ማታ። ሆን ብዬ። አንቺ እንድትመጪ። ያን ቀንም... ያን ቀንም እኔ ነኝ።»

አንድ መኪና መጥቶ ጎናቸው ቆመ፣ ሰዎች ወረዱ፣ በሮች ተዘጉ። ብራዮኒ ፊት ለፊት ትመለከታለች።

«በጉልበቴ በረዶ ላይ ስወድቅ አውቀህ ነበር?»

«አዎ።»

«ኮሪደር ላይ ይቅርታ ስጠይቅህስ? ሌሊት ሌሊት ራሴን ስረግምስ? ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«አዎ ብራዮኒ።»

«አንተ ሰው!» አለች። «ባዶ እጅህን መጥተህ ብታንኳኳ እኮ እከፍትልህ ነበር።»

ከመኪናው ወረደች። በሩን አላላተመችውም፤ ቢላተም ይሻለው ነበር። አባቷን ይዛ በታክሲ ተመለሰች፤ ጋረትም ባዶ ጋቢና ይዞ ዳገቱን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ስታየው አቅጣጫ ትቀይራለች። ጠዋት ስትወጣ ኮቴዋን ከበሩ ጀርባ ቆሞ ይሰማል። ደጇ ሄዶ ሊንበረከክ አሰበ፤ የባሰ ያስቀይማታል ብሎ ተወው። እውነቱን ከመናገሩ በፊት ኅሊናው ነበር የሚያሳድደው፤ አሁን ኅሊናውም ናፍቆቱም ተባብረው ያሳድዱት ጀመር።

በአንድ ቅዳሜ የሃስላሞች የላይኛው መስኮት ተንኳኳ። ሚስተር ሃስላም በምርኩዛቸው መስተዋቱን እየመቱ ና ይሉታል። ብራዮኒ ሥራ ሄዳለች። ጋረት ደረጃውን ወጥቶ ፊታቸው ቆመና አንገቱን ደፋ።

«ነግራዎታለች አይደል?» አለ። «ሚስተር ሃስላም፣ እጅዎን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን አነሡ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። ቃላቱ አንድ በአንድ፣ እየተደናቀፉ ወጡ።

«አውቅ... ነበር።»

«ምኑን?»

በምርኩዛቸው ከመስኮቱ ታች ያለችውን አረንጓዴ መኪና አመለከቱ። «መብራቱን። ማታ ማታ... ከዚህ አየዋለሁ። እስቅ ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እናቷ ከሞተች... ልጄ ጠዋት አልሳቀችም። አንተ መጣህ፣ ሳቀች። ያን ማታም አየሁ። የልጄ መኪና ጋራዥ መሆኗን... አውቅ ነበር። ጠርቼህ... አጥፋው ልልህ... መስኮቱን ያዝኩ። ከዚያ ተውኩት። ለእናንተ ደስታ ብዬ ተውኩት።»

ጋረት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ነገርኳት» አሉ ሽማግሌው። «አሁን እኔንም... ተቀይማኛለች። እንቁላሌን... ጥሬውን ነው የምትሰጠኝ።» በግማሽ ፊታቸው ፈገግ አሉ፤ ሌላው ግማሽ ባለበት ቀረ። ጋረት ያን ግማሽ ፊት ሲያይ እንባው መጣ። «ሂድና አንኳኳ» አሉት። «ምንም... ሳትይዝ።»

በማግስቱ እሑድ ነበር። ጋረት ወጥቶ ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ በአንዴ ተነሣች። ሞተሯን ሳያጠፋ ትቷት የሃስላሞችን በር አንኳኳ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው፤ መጀመሪያ ኪሱ ከተታቸው፣ ኋላ አወጣቸው።

ብራዮኒ ከፈተች። በትከሻው አሻግራ መኪናዋን አየች።

«እምቢ አለችህ?»

«አላለችም። ደህና ናት። ትሰሚያታለሽ።»

«ታዲያ ምን ፈለግህ?»

«ምንም ምክንያት የለኝም» አለ። «እወድሻለሁ፣ ለዚህ ነው ያንኳኳሁት። ከመጀመሪያውም ለዚህ ነበር። ልትዘጊው ትችያለሽ።»

አልዘጋችውም። ወለል አድርጋም አልከፈተችውም። በሩን በእጇ እንደያዘች ቆማ አየችው፣ ጸጉሩን፣ የከሳ ፊቱን፣ ባዶ እጆቹን። ዓይኖቿ ሞሉ።

«ገና ይቅር አላልኩህም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ነዳጅ እየጨረስክ ነው። አጥፋትና ግባ፤ እንቁላል ልጥድ ነው።»

በሁለተኛው ዓመት የጸደይ ወራት ተጋቡ። ሚስተር ሃስላም የሠርጉን ንግግር ራሳቸው አደረጉ፤ አጭር ነበረች፣ ብዙ ጊዜ ወሰደች፣ ሰዉም እስኪጨርሱ ድረስ አልተነቃነቀም። ጽዋውን ያነሡት በግራ እጃቸው ነው። ያን እጅ ያየ ሁሉ አጨበጨበ፤ ጋረት ግን የሚያየው ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ቀኟን ነበር።

ዛሬም ዊንስላ ጎዳና ላይ ይኖራሉ። ማታ ማታ፣ ዝናብም ይሁን በረዶ፣ ጋረት ጫማውን አጥልቆ ይወጣና በአረንጓዴዋ መኪና መስኮት አጎንብሶ ያያል። ጨለማ ነው። በሩን ከፍቶ የመብራቷን ቁልፍ በጣቱ ይዳስሳል፣ ይዘጋል፣ እንደገና አጎንብሶ ያያል። ከላይ ሽማግሌው በመስኮታቸው ይመለከቱታል። አይስቁም።

ብራዮኒ ድሮ ሊተወው እንደሚገባ ትነግረው ነበር። አሁን ትታዋለች። ሻዩ ሲደርስ ብቻ በሩን ገርበብ ታደርግና በዝግታ ትጠራዋለች።

«ጠፍቷል ጋረት። እኔም አይቼዋለሁ። ግባ።»